ከላይኛው ድንጋይ ላልወረደው እንግዳ

ለተከበሩ የማቅለሚያ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
በያሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ ጥግ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙት ዓሦችም በጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የዓሦቹን ደኅንነት ለይቼ የጠየቅሁት በድፍረት አይደለም። በአካባቢያችን የቀሩት ዓሦች እነሱ ብቻ ስለሆኑ ጤንነታቸው ሁላችንንም ያሳስበናል። እኛ ከፋብሪካዎ በታች፣ በወንዙ ዳር የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል ብርድ ልብስና የሰው መጋረጃ በማጠብ የምንተዳደር የአጣቢዎች ማኅበር አባላት፣ ከሥራችን መቀነስና ከእጃችን መላላጥ በቀር ደኅና ነን።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ጉዳዬን ከወዲሁ ልንገርዎት። የፊታችን ቅዳሜ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ገዢዎች ባሉበት ድንኳን ተጥሎ እርስዎ አንድ ወረቀት እንደሚያነቡ ሰምተናል። ወረቀቱ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ መሆኑን፣ ከታች ያለው ሕዝብም በዚህ ውሃ ደስ ብሎት እየተጠቀመ መሆኑን ይመሰክራል። ገዢዎቹ ያንን ሰምተው ትእዛዛቸውን እጥፍ ያደርጋሉ፤ ትእዛዙ እጥፍ ሲሆን ሁለተኛ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ቧንቧው የሚያልፈውም እኛ በምናጥብበት ዳርቻ ላይ ነው። ወረቀቱን እንድትፈርም መጀመሪያ የተጠየቀችው የማኅበራችን ሊቀመንበር የሆነችው እህቴ ነበረች። እምቢ አለች። ከዚያ በኋላ «የታችኛው ወንዝ ተጠቃሚዎች ማኅበር» የሚባል፣ እኛ የታችኛው ወንዝ ተጠቃሚዎች ሰምተነው የማናውቀው ማኅበር በፋብሪካዎ የምሳ አዳራሽ ተቋቋመ፤ ወረቀቱም ተፈረመ። የፈረመችው ሊቀመንበር የእህቴ ልጅ ናት።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቅዳሜ በፊት የልጅቷን ስም ከዚያ ወረቀት ላይ ያንሱልን።

ሥርዓት ያለው ሰው ከልመናው በፊት ምስጋናውን ያስቀድማል። እኔም ለዋሉልን ውለታ ሁሉ በተራ ቁጥር ላመስግንዎት።

አንደኛ፤ መስተንግዷችንን ስለተቀበሉልን።

ሥራ ስለሚበዛብዎት የማጠቢያ ድንጋዮቻችንን አሰላለፍ ላያስታውሱት ይችላሉ። ከወንዙ መታጠፊያ እስከ ድልድዩ ድረስ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ላይኛው ድንጋይ ላይ የቆመ ሰው ያልተነካ ውሃ ያገኛል። ታችኛው ላይ የቆመ ደግሞ ከእሱ በላይ ያሉትን ሰዎች እድፍና ሳሙና ሁሉ ይቀበላል። እናቶቻችን በዚህ ጉዳይ ፀጉር ለፀጉር ሲጓተቱ፣ ባልዲ ሲወራወሩ ኖረው ሲሰለቻቸው አንድ ሥርዓት አወጡ። ሰኞ ሰኞ ከላይ የነበረ ሰው ወደ መጨረሻው ድንጋይ ይወርዳል፤ የቀረው አንድ አንድ ድንጋይ ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲህ ከላይ ቆሞ በረኪና የሚደፋ ሰው ቀነሰ። ጠፋ አላልሁም፤ እኛም መላእክት አይደለንም። ቀነሰ እንጂ። ዛሬ ከላይ ሆኖ የደፋ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ከታች ሆኖ ይቀበላል፤ ያኔ የሚደፉበትም ሰዎች የደፋባቸውን አይረሱም።

ሥርዓቱ ለአዲስ ገቢም ቦታ አለው። አዲስ አጣቢ ሲመጣ የመጀመሪያው ተራ የላይኛው ድንጋይ ነው። አክብሮት ነው። ትንሽ ተንኮልም አለበት፤ ጥሩውን ውሃ የቀመሰ ሰው ወደ ታች ሲወርድ ምን እንዳጣ ይገባዋል፣ ተራው ደርሶ ሲመለስም ይጠነቀቃል።

እንግዲህ እርስዎ ፋብሪካ ለመትከል የማኅበራችንን ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ ከድንጋዮቻችን ሁሉ በላይ ያለውን ቦታ ያለ ክርክር የሰጠንዎት በዚሁ ምክንያት ነበር። አዲስ ገቢ ነዎት፤ ተራዎ ከላይ ነው። ይህ እንግዳ አይወርድም ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ «ሰው ሳያውቁ ማማት ነውር ነው» ብለን እንገሥጸው ነበር።

ፋብሪካው ሥራ በጀመረ በዓመቱ ለውይይት ሲጠሩን አንጋፋዋ አባላችን እጃቸውን አወጡ። ብርድ ልብስ ሲጠመዘዝ ዳር ቆመው «ጭመቂ! ጭመቂ እንጂ!» እያሉ ስለሚያዙ እትዬ ጭመቂ የምንላቸው ናቸው። «እንግዲህ ፋብሪካው የሚወርደው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ «እናቴ፣ ፋብሪካ ደግሞ በምን ይወርዳል?» አሏቸው። እትዬ ጭመቂም «እኔስ በምኔ ነው የምወርደው? በዚህ ጉልበቴ አይደለም እንዴ!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። እኛ የሳቅነው እርስዎ ሲስቁ ዝም ማለት ደስ ስላላለን ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልስ እየጠበቁ እጃቸውን እንዳወጡ ቆዩ። በኋላ በቃለ ጉባኤው ላይ «የአካባቢው ነዋሪዎች ፋብሪካውን ወርደው ለመጎብኘት ያላቸውን ጉጉት ገለጹ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ለጉጉታችን ስለሰጡት ትኩረት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ጓንቶቹ።

እጃችን መላላጥ ሲጀምር የፋብሪካው ዓርማ የታተመበት ጓንት ለያንዳንዳችን ልከውልናል። እጃችን ተሻለው። አንሶላ ግን ጓንት አያጠልቅም። ትልቁ ሆቴል «ነጭ ሰጥተናችሁ ሮዝ መለሳችሁልን» ብሎ ከእኛ ጋር መሥራቱን ተወ፤ ሆስፒታሉም ተከተለው። ደግነቱ በዚያው ልክ ዕውቀት ጨምረናል። በሩቅ አገር ያሉ ወጣቶች በመጪው ወቅት ምን እንደሚለብሱ እኛ ከእነሱ ቀድመን እናውቃለን። ጠዋት ወንዙን ብቻ ማየት ነው። አረንጓዴ ወርዶ ሳያልቅ ሐምራዊ ይደርሳል፤ ሐምራዊው ሳያልፍ ብርቱካናማ ይመጣል። ዱሮ አንድ ቀለም ወቅቱን ይጠብቅ ነበር። አሁን ሰዎቹ ልብሳቸውን ለብሰው ይጨርሱት፣ ወይስ ሳይለብሱት ሌላ ይግዙ፣ እኛ ከታች ሆነን ማወቅ አልቻልንም፤ ብቻ ወንዙ ፋታ አጥቷል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥልጠናው።

ገቢያችን መቀነሱ አሳዝኖዎት የንግድ ክህሎት አሠልጣኝ ስለላኩልን ውለታዎን አንረሳም። አሠልጣኙ ጫማው የሚያበራ፣ ትሑት ወጣት ነበር። በሰሌዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ስሎ «የእናንተ ማኅበር ባለፉት ዓመታት ምን ያህል አደገ?» ብሎ ጠየቀ። እህቴ ድንጋዮቹ በእናታችን ጊዜ የነበሩት መሆናቸውን ነገረችው። በበጋ ውሃው ሲያንስ ሁላችንም የምንቀበለውን እሽግ እንደምንቀንስ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው ለሌለው እንደሚያካፍል፣ ማንም ዳርቻውን ለቆ እንደማይሄድ አስረዳችው። ወጣቱ ከልቡ አዘነልን። «ይሄማ መረዳዳት እንጂ ቢዝነስ አይደለም» አለ። «በቢዝነስ ሕግ ካላደጋችሁ ትሞታላችሁ።»

ይኼኔ እትዬ ጭመቂ «ልጄ፣ እኔ ማደግ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ፤ ይኸው አለሁ አይደል?» አሉት። «እንዲያውም ማደግ ካቆምኩ ወዲህ ነው ልብሴ ልክ የሆነኝ።»

ሥልጠናው በዚሁ አበቃ፤ የምስክር ወረቀት ግን ሁላችንም ተሰጥቶናል። እኔም በበኩሌ የአሠልጣኙን ነገር ሳሰላስል ሰነበትኩ። ልክ ነው፤ ማኅበራችን አላደገም። ወንዙም አላደገም። ዝናብ ሲመጣ ይሞላል፣ በጋ ሲመጣ ይጎድላል፤ እናታችን ስታጥብበት ከነበረው ውሃ አንድ ጣሳ የጨመረ ነገር የለም። የማያድግ ወንዝ ላይ በየዓመቱ ካላደገ የሚሞት ነገር ሲተከል ከሁለቱ የትኛው እንደሚሞት ለመገመት ሥልጠና የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ለአሠልጣኙ ይህን አላልኩትም። ደመወዙ በየወሩ ነው አሉ፤ እሱም የሚያሳድጋቸው ልጆች ይኖሩታል።

አራተኛው ምስጋናዬ ቀልድ የለበትም።

እህቴ ወረቀቱን አልፈርምም ካለች በኋላ እኔና እሷን ቢሮዎ አስጠርተው በአክብሮት አነጋገሩን። የታሸገ ውሃ ቀረበልን፤ እርስዎም ከዚያው ጠጡ። የፋብሪካው የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚሠራው ለምን እንደሆነ እህቴ ስትጠይቅዎት አልዋሹም። ማጣሪያው ቀን ከሌት ቢበራ የያንዳንዱ ካናቴራ ዋጋ በትንሽ ሳንቲም እንደሚጨምር፣ ገዢው ለዚያች ሳንቲም ሲል ማጣሪያ የሌለው ፋብሪካ ወዳለበት አገር እንደሚሄድ፣ ባለአክሲዮኖቹም ትርፉ ከአምናው ከፍ ካላለ ሌላ ሥራ አስኪያጅ እንደሚያመጡ ነገሩን። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እመቤቴ» አሏት። «እኔ ብነሣ ነገ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው እንዲህ ብሎም አያወራችሁም።»

አመንንዎት፤ አሁንም እናምንዎታለን። ስንወጣ እህቴ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ሰውየውም እኮ ታች ነው ያለው» አለችኝ።

«ታዲያ ከላይ ማነው?» አልኳት።

«እንጃ። ዋጋ መሰለኝ» አለች።

ክቡር ሆይ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ከላይ ሰው ቢኖር ኖሮ መላ አናጣለትም ነበር። ስንት ዓመት ከአስቸጋሪ አጣቢ ጋር ኖረናል። ሰው ይመከራል፣ ይኮረፋል፣ በሚስቱ በኩል ይነገረዋል፤ አልሰማ ካለም ባልዲው ይደፋበታል። ዋጋ ግን ፊት የለው እናሳፍረው፣ ሚስት የለው እናስመክረው። ሁሉም የሚታዘዝለት፣ ማንም የማያየው ጌታ ነው። ገዢው እሱን ፈርቶ ከእርስዎ ይገዛል፤ እርስዎ እሱን ፈርተው ማጣሪያ ያጠፋሉ፤ እኛም እሱን ፈርተን ልጆቻችንን ወደ ማቅለሚያ ክፍል እንልካለን። እሱ ራሱ ግን ታች ወርዶ አያውቅም። ሰው በሌለበት ድንጋይ ላይ ተራ አይደርስም።

ሆኖም ባዶ እጃችንን አልመጣንም ነበር። እህቴ ሐሳብ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ አቀረበችልዎ። ፋብሪካውን ይዝጉት አላለችም። ልጇ እዚያ ትሠራለች። ያለችው «የሚቀዱበትን ቧንቧ ከሚደፉበት ቧንቧ በታች ያድርጉት» ነው። ከአንድ ፋብሪካ ወጪ አንጻር ከቁጥር የማትገባ ነገር ናት፤ ቧንቧ ማዛወር ብቻ። የደፉትን ራስዎ መልሰው ይቀዱታል፤ ንጹሕ ከሆነ አይጎዱም፤ ካልሆነም ማጣሪያውን ለማብራት የኛን ደብዳቤ አይጠብቁም።

አጠገብዎ የተቀመጡት መሐንዲስ ቅን ሰው ስለሆኑ ሳያስቡት «አይ፣ እሱማ አይሆንም፤ ያ ውሃ ማሽኑን ይበላዋል» አሉ።

መሐንዲሱ የተናገሩትን ለማለዘብ «ማሽኑ እኮ በጣም ውድ ነው» ብለው ጨመሩ። እህቴም «ገባኝ» አለች። ጉዳዩ እዚያ ላይ በሰላም ተደመደመ።

ሌላም ጠይቃ ነበር። ከታች የሚኖረው ሰው በፋብሪካው ላይ ድርሻና ድምፅ ይኑረው፤ በበጋ ወንዙ ከሚሸከመው በላይ ትእዛዝ አይወሰድ፤ ሥራው ሲቀንስ ማንንም ሳታባርሩ እንደኛ ተካፈሉት፤ አንዴ ተቀልሞ ዓመታት የሚለበስ ጨርቅ ሥሩ፤ ካናቴራው ስንት የሰው እጅና ስንት የወንዝ ውሃ እንደወሰደ ዋጋው ይናገር። እርስዎም በማስታወሻዎ ላይ ጻፍ ጻፍ አድርገው ሲያበቁ «መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ቀድሞ የጀመረው ይከስራል» አሉ።

ይህም እውነት ነው። እናቶቻችን ተራ በገቡ ጊዜ ከላይኛው ድንጋይ ቀድማ የወረደችው ሴትዮ ከስራለች። ያን ሳምንት የሁሉንም እድፍ ተቀብላ፣ ያጠበችውን ደግማ አጥባለች፤ አንዳንዶቹም ሞኝ ብለው ሳቁባት ይባላል። ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ግን አንዷ ቀድማ ወረደች።

አምስተኛ፤ በወንዙና በመንገዱ መካከል ያሠሩት አጥር ቆንጆ ነው። አረንጓዴ መቀባቱን ወደነዋል።

ስድስተኛ፤ ለእህቴ ልጅ እንጀራ ስለሰጧት። ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው።

ልጅቱ የምትሠራው ቀለም በሚበጠበጥበት ክፍል ነበር። ጎበዝ ናት። የናቷ ቤት ጣራ ሲያፈስ በመጀመሪያዎቹ ደመወዞቿ አዲስ ቆርቆሮ ያስመታችው እሷ ናት፤ እህቴ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዛ አለመሮጧ በእርስዎ ፋብሪካ ምክንያት ነው። ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ይሆናል፤ እኛም አንክድም።

በቅርቡ ልጅቱ ለራሷ ልጅ ልብስ ልትገዛ ሰልባጅ ተራ ሄዳ፣ ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ ከመጣው አሮጌ ልብስ ውስጥ አንዲት ካናቴራ መዝዛ ይዛ ቆማ ቀረች። የካናቴራዋ የዋጋ ወረቀት ገና አንገትጌዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አልለበሳትም። ለእናቷና ለእኔ አምጥታ አሳየችን። «አጎቴ፣ ይቺን እኔ ነኝ ያቀለምኳት» አለችኝ። «ይሄን ቀለም እጄ ያውቀዋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስለኝ ነበር።» እናቷ ካናቴራዋን ተቀብላ እንደ ልማዷ ወደ ብርሃን አንሥታ አየቻትና «ይቺ በወንዙ መውረዷን እኔም አስታውሳለሁ፤ የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ያበላሸችው እሷ ናት» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለአንዲት ለማትለበስ ካናቴራ ወንዝ ተበላሽቶ፣ ደረት ተበላሽቶ፣ ባሕር ተሻግራ ሄዳ፣ ባሕር ተሻግራ በቆሻሻ ዋጋ ወደ መጣችበት ተመለሰች፤ በመንገዷም ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ያተረፈ ሰው አለ። ዕድገት የሚሉት ይህን ነው ብዬ ካናቴራዋን አጥፌ መለስኩላት።

ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን እንድትፈርም የጠሯት።

በዚህ ደብዳቤ መጀመሪያ ንድፍ ላይ «ተገድዳ ፈረመች» ብዬ ጽፌ ነበር። ስሟ ያለበትን ነገር ሳላስነብባት መላክ ተገቢ ስላልመሰለኝ ሰጠኋት። እስክሪብቶ ጠየቀችኝና ቃሉን ሠረዘችው።

«አልተገደድኩም፣ አጎቴ» አለችኝ። «ወንበር ስበውልኝ፣ ጁስ አቅርበውልኝ ነው የፈረምኩት። ስለ ልጄ ጤና ሁሉ ጠየቁኝ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ኖሮ እምቢ ማለት አውቅበት ነበር።»

ስለዚህ አስተካክያለሁ፤ አልተገደደችም። ጨዋነትዎን በይፋ እመሰክራለሁ። ከፈረመች በኋላም ከቀለሙ ክፍል አውጥተው መስኮት ባለው ቢሮ ጠረጴዛ ሰጥተዋታል፤ ሳሉም ለቋታል። አንድ እናት ለልጇ የምትመኘውን ሁሉ አድርገውላታል።

የዚያን ቀን ማታ ራሷ ለእናቷ ነገረቻት። እህቴ የታጠበ መጋረጃ እያጠፈች ነበር። «ጽሑፉን አንብበሽዋል?» አለቻት። «አዎ» አለች ልጅቱ። «ደግ። ሳያነቡ ከመፈረም ይሻላል» አለችና ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህም አልተጣሉም። አንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እህቴ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ነገር ግን በዚያ ቤት «ውሃ» የሚለውን ቃል የሚያነሣ ሰው የለም። የጠማው ሰው በአገጩ ወደ እንስራው ያመለክታል፣ ያቀብሉታል። ዕድሜዋን በሙሉ በውሃ የኖረች እናትና ከውሃ አጠገብ የወለደቻት ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ቃሉን እንደ ስድብ ሲሸሹት ማየት እንዴት እንደሆነ ልገልጽልዎት አልችልም፤ ሊያዩ ከፈለጉ ግን በራችን ክፍት ነው።

ክቡር ሆይ፤ የዳርቻውን ነገር አልለምንዎትም። ቧንቧው መምጣቱ አይቀርም ይላሉ፤ እኛም ድንጋዮቻችን ላይ ቆመን እንጠብቀዋለን፤ ያን ቀን የሚሆነውን ያን ቀን እናያለን። የምለምንዎት የልጅቷን ስም ነው። ቅዳሜ ያንን ወረቀት ሲያነቡ እናቷ ከሕዝቡ መካከል ትቆማለች። መቅረት ትችላለች፤ አልቀርም ብላለች።

ደብዳቤውን ሦስታችን እንድንፈርምበት አስቤ ነበር። ልጅቱም «ስሜ ይነሣልኝ ብዬ እፈርማለሁ» ብላ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ። እህቴ ከጓዳ ወጥታ ከእጇ ላይ ወሰደችባት።

«አንቺ አትፈርሚም» አለቻት። «ሥራሽን ያዢ። ልጅ አለሽ።»

«እማዬ፣ ያኛው ላይ ፈርሜ የለም እንዴ? ይኼኛውን ምን ከለከለኝ?»

«አንዴ በጠየቁሽ ፈረምሽ። አሁን ደግሞ እኛ በጠየቅንሽ ልትፈርሚ ነው። ሁላችንም ባንቺ እጅ እንጻፍ እንዴ?» አለች እህቴ። «ውሃው ንጹሕ ነው የሚሉት ሰውየው ናቸው፤ ሰውየው ይፈርሙ።»

ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያገኙት የእኔንና የእህቴን ፊርማ ብቻ ነው። የእህቴም ሐሳብ ልመናዬን አቃናልኝ። ከላይዎ ገዢ፣ ከገዢው በላይ ዋጋ እንዳለ አስረድተውናል፤ ውሸቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብለን አንወቅስዎትም። ግን ውሸት መፈረም ግድ ከሆነ፣ ከፈራሚዎቹ ሁሉ ደመወዙ የሚበልጠው ሰው ይፈርመው። የልጅቷን ስም ሠርዘው በቦታው የራስዎን ስም፣ በራስዎ እጅ፣ ገዢዎቹ እያዩ ያስፍሩበት። ጁስ እኛ እናቀርባለን። ወንበርም እንስብልዎታለን። ማንም አይጮኽብዎትም።

ዕድሜና ዕድገት፣ የማይነጥፍ ትእዛዝና የማያረጅ ማሽን እየተመኘሁልዎ፣ ከሁሉም ድንጋይ በታች ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፤

የአጣቢዎች ማኅበር ጸሐፊ

(ፊርማ)

የአጣቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የፈራሚዋ እናት

(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለዋጋ፤ አድራሻው ካለዎት ያድርሱልን።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቅዳሜው ግብዣ የሚሆኑትን ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶች ሾፌርዎ ትናንት ለእኛ አምጥቶልናል። ሌላ ጊዜ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ ሌላ ከተማ ይወስዳቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ጊዜ እንዳጠረው ነግሮናል። በሙሉ ጥንቃቄ፣ በጥሩ ሳሙና፣ በዚያው በተመሰከረለት ውሃ አጥበናቸዋል። ሐምራዊ ሆነዋል። የዚህ ሳምንት ትእዛዝ ሐምራዊ ስለሆነ እንግዶችዎ ቀለሙን እንደሚወዱት አንጠራጠርም።